የአምስተኛው ትዕይንት ድምፅ

ሲጥ… ሲጥ… ሲጥሲጥ… ሲጥጥጥ።

በጨለማው አዳራሽ ውስጥ አልጋ ይጮኻል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ እያፈረ፤ ቀጥሎ ደፈር ብሎ፤ ከዚያ ይሉኝታውን ጥሎ በሩጫ። በመጨረሻ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣና ጸጥ አለ። ገና ረፋድ ነው። የአዳራሹን ወለል የምትወለውለው ሴት መወልወያዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ደርቃ ቀረች።

“ኧረ የሰው ያለህ! በጠራራ ፀሐይ!”

“አይዞሽ፣ ሰው የለበትም” አላት ከበሩ በኩል የመጣ ድምፅ። “ሰው ቢኖርበትማ ምን ገዶኝ።”

ተናጋሪዋ ካፖርቷን ሳታወልቅ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወደ መድረኩ ወጣች። ተዋናይት ናት። በዚህ ቴአትር ቤት ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም “እታለም” ናት። ስድሳን ከተሻገረች ሰንበትበት ብላለች። በወጣትነቷ መድረክ ላይ ስትስቅ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሳይቀር የሚያሞቅ ሳቅ ነበራት ይባላል። ላለፉት ዐሥር ዓመታት ግን የሚሰጧት ሁሉ እናት ነው፤ ያውም የምታለቅስ እናት። በሽተኛ ልጅ ሲኖር እታለም፣ ሬሳ ሲኖር እታለም። “መድረክ ላይ የቀበርኳቸውን ልጆች የምር ወልጃቸው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰፈር ይሞሉ ነበር” ትላለች ራሷ።

ከመድረኩ ጀርባ፣ ከቀለም ቆርቆሮዎችና እግሩ ከተሰበረ ዙፋን አጠገብ፣ አልጋውን ሲያስጮኸው የነበረው ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ድምፅ ሠሪ ነው። ነጎድጓድን ከቆርቆሮ፣ ዝናብን ከወንፊትና ከባቄላ፣ የፈረስ ኮቴን ከሁለት የእንጨት ቁራጮች ያወጣል። ከዚህ ተውኔት ወዲህ ግን ያ ሁሉ ሙያው ተረስቶ ስሙ “ሲጥሲጥ” ሆኖ ቀርቷል።

ተውኔቱ “ያው አልጋ” ይባላል። የፍቅርንና የመኝታን ነገር ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚያሳይ ነው፤ አምስት ትዕይንት፣ አምስት ዘመን፣ አንድ አልጋ። በመጀመሪያው ተያይተው የማያውቁ ሙሽሮች አሉ። በሁለተኛው አንዲት ወይዘሮና ደብዳቤ ጸሐፊዋ፣ በሦስተኛው ነገ የሚዘምት ወታደርና ሚስቱ፣ በአራተኛው ደግሞ በኪራይ ክፍል ውስጥ ትንፋሻቸውን የሚያፍኑ ሁለት ተማሪዎች። እነዚህን አራቱን የሚጫወቱት አንድ መልከ መልካም ወጣትና አንዲት ዓይነ ግቡ ልጅ ናቸው። ነገሩ ከሚደርስበት ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው አልጋው ነው። “ዓይን ያፍራል፣ ጆሮ ግን አያፍርም” ይላል የተውኔቱ አዘጋጅ።

ችግሩ ሲጥሲጥም፣ መብራቱን የምትቆጣጠረው ሴትም ከጀርባ፣ ከግድግዳው በስተኋላ ስለሚቀመጡ መድረኩን አያዩም። አዳራሹ አሮጌ ነው፤ የሠራው ሰው ስለ እነሱ አላሰበም። ስለዚህ መላ ተዘየደ። ሰዓቱ ሲደርስ ወንዱ ተዋናይ በጫማው ተረከዝ ወለሉን አንዴ “ጓ” ያደርገዋል። ጓ ሲል መብራት ይጠፋል፣ አልጋ ይጮኻል። ጓ ካላለ ምንም የለም።

“ለመጀመሪያው ዘመን ይኸውልዎት” አለ ሲጥሲጥ፣ ዱላ ላይ የተጠመዘዘ ወፍራም ገመድ እያሳያት። “ለወይዘሮዋ የአሮጌ በር ማጠፊያ፤ ጨዋ ነው፣ ክብደት አለው። ለወታደሩ የሽቦ አልጋ። ለተማሪዎቹም ያው ሽቦ ነው፤ ግን መሀል ላይ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብባቸዋል። እሱም እኔው ነኝ፣ በክርኔ።”

“ለእኔስ?”

ሲጥሲጥ ማጅራቱን አከከ።

“ለእርስዎማ… ምንም።”

“ምንም?”

“ዝም በል ተብያለሁ። አምስተኛው ላይ ተረከዝ የለም። መብራቱ ቀስ እያለ ይከስማል፣ ሽማግሌውና አሮጊቷ… ይቅርታ እታለም… ይተኛሉ። አለቀ።”

“ይተኛሉ ሲባል፣ እንቅልፍ?”

“እኔ ምን አውቄ! እኔ ገመድ ነው የማዞረው።”

“አይ ጉድ!” አለች እታለም፣ የተሰበረው ዙፋን ጫፍ ላይ ቁጭ እያለች። “አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሲያስጮኹት የኖረ አልጋ፣ እኔ ስደርስ እንቅልፍ ወሰደው።”

አምስተኛው ትዕይንት የእሷ ነው። ባል የሞተባት ሴትና ሚስት የሞተችበት ሰው በስተርጅና ተጋብተው የመጀመሪያ ሌሊታቸውን ሲያድሩ። ጽሑፉ እጇ የገባ ቀን በሯን ቆልፋ ጮክ ብላ አንብባው ነበር። ሬሳ የለበትም፤ እንባ የለበትም። አንዲት ሴት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትፈታና፣ “እኔማ ረስቼዋለሁ” ትላለች። ሰውየው፣ “እኔም። እስኪ አብረን እናስታውሰው” ይላታል። በቃ ይኸው ነው። ለዚህች አንዲት ቃል ስትል እታለም እስከ ዛሬ ያስለቀሷትን ደራሲዎች ሁሉ ይቅር ብላቸው ነበር።

ትናንት ግን፣ በመጨረሻው ልምምድ፣ እንግዶች ተጠርተው መጡ። አራቱ ትዕይንቶች እንደ ውሃ ፈሰሱ። እሷ ፀጉሯን መፍታት ስትጀምር ከመሀል አንዱ፣ “ኧረ አያቴ!” አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቅ ደግሞ ሳቅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አብሮህ የሚስቅ አለ፣ የሚስቅብህ አለ። መድረክ ላይ ያረጀ ሰው ሁለቱን በቆዳው ይለያል። የትናንቱ የኋለኛው ነበር። እጇ ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ ቃሏ ጠፋት፤ መብራቱ ሲከስምላት ብቻ ነው የተነፈሰችው።

“እታለም፣ እዚህ ነዎት? ስፈልግዎት ነበር።”

አዘጋጁ ነው። ወጣት ነው፤ በብርድም በሙቀትም አንገቱ ላይ ሻርፕ የማይጠፋ፣ ሲጨነቅ ጫፉን የሚያኝክ። አሁን ጫፉ አፉ ውስጥ ነው።

“የምትለውን አውቃለሁ፤ ቶሎ በለውና ይውጣልህ” አለችው።

“አይቀየሙኝ። ለእርስዎ ብዬ ነው። ሰው እንዲስቅብዎት አልፈልግም። ተውኔቱን አራተኛው ላይ ብንዘጋው ጥሩ ያልቃል። ለእርስዎ ደግሞ መጀመሪያው ላይ የሙሽራዋን እናት እንጨምርና…”

“ታለቅሳለች?”

“ትንሽ።”

“አውቄ ነበር!”

ሲጥሲጥ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይፈታና ይቋጥር ጀመር።

“ስማኝ የኔ ልጅ” አለች እታለም። “እናትህ አሉ?”

“አሉ።”

“አባትህስ?”

“እሳቸውም አሉ፤ ምነው?”

“አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት?”

አዘጋጁን ላብ ላብ አለው። “እታለም! በእናትዎ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁኝ!”

“አየህ? አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደህ፣ የማታውቃቸውን ሰዎች በር ከፍተህ ስትገባ አላፈርክም። የእናትህ በር ላይ ስትደርስ እግርህ ተሳሰረ።” ተነሥታ ካፖርቷን አራገፈች። “ዛሬ መክፈቻው ነው። አንድ ጊዜ ልሞክረው። ፀጉሬን ስፈታ ከሳቁብኝ፣ ነገ የሙሽራዋ እናት እሆንልሃለሁ። እንባውንም ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ።”

“ቃልዎ ነው?”

“ቃሌ ነው።”

ሻርፑ ከአፉ ወጣ። “እሺ። አንድ ጊዜ።”

ሽማግሌውን የሚጫወተው ደግሞ የቀድሞ ባሏ ነው።

ይህን ያደረገው አዘጋጁ ነው፤ ሁለቱ ባልና ሚስት እንደነበሩ የነገሩት ሚናውን ከሰጣቸው በኋላ ነበርና ሻርፑን ሙሉ ቀን ሲያኝክ ዋለ። ሰውየውን ሁሉም “ጋሼ” ይለዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ለምን ተፋታችሁ ብለው ሲጠይቋት እታለም መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “እሱ አይናገርም። ስንጣላ እንኳ ብቻዬን ነበር የምጣላው፤ ደከመኝ!” ከተፋቱ ወዲህ እንዳልተዋወቁ ሰዎች አንቱ ይባባላሉ። “ውሃውን ቢያቀብሉኝ?” “ይኸውልዎት።” ከዚህ አያልፍም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል። እሷ መስታወት ፊት ነች። እሱ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ሆኖ ጫማውን ያብሳል። ወደ መድረክ ሳይወጣ በፊት ጫማውን ራሱ ካልጠረገ አይሆንለትም፤ ጥቁር፣ ወፍራም ተረከዝ ያለው፣ ስንት ዘመን የቆየ ጫማ ነው። በሩ ተንኳኩቶ ልጃቸው ገባች። የራሷ ትዳር ያላት ሴት ናት፤ አሁን ግን ፊቷ ጥርሷን ሊነቅሏት የወሰዷት ሕፃን ይመስላል።

“እማዬ… አማቴ አብረውኝ መጡ።”

“እሰይ!”

“ምን እሰይ አለው? መምጣታቸውን እኔ የት አውቄ፤ ልጃቸው ነው ትኬት የገዛላቸው። አሁን እኔ ምን ልበላቸው? እናትና አባቴ ተፋተው ሲያበቁ መድረክ ላይ… አልጋ…”

“አንቺስ ከየት የመጣሽ መሰለሽ? ከፖስታ ቤት?”

“እማዬ!” ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። “አባዬ፣ አንተ እንኳ አንድ ነገር በላት!”

ጋሼ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። “አማትሽ የት ተቀመጡ?”

“ሁለተኛው ረድፍ።”

“ጥሩ ቦታ ነው” አለ። “እዚያ በደንብ ይሰማል።”

ልጅቷ ሁለቱንም አይታ፣ ትክክለኛ እናትና አባቷ እነዚህ መሆናቸው እየከነከናት ወጣች። በሩ ሲዘጋ እታለም የጀመረችውን ሳቅ አልጨረሰችውም። ኩሏን አነሣች። ዓይኗ ሥር ያለውን መስመር ስታበላሽ፣ ስትጠርግ፣ እንደገና ስታበላሽ፣ በመስታወቱ ውስጥ የሰውየውን ጎባጣ ጀርባ አየች።

“እርስዎ” አለችው። “ትናንት ሰዎቹ የሳቁት ሳቅ… ዛሬም ቢመጣስ?”

ብሩሹ ቆመ። መልስ ይሰጣል ብላ አልጠበቀችም ነበር።

“ያ በር ትዝ ይልዎታል?” አለ።

“የትኛው በር?”

“እምቢ ያለው።”

ትዝ አላት። ያኔ ገና አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፤ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። አንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ፣ ተከድታ፣ እያለቀሰች በበሩ ሮጣ የምትወጣበት ቦታ ላይ በሩ ተጣበቀ። ጎተተችው፤ እምቢ። ገፋችው፤ እምቢ። ሰው ማጉረምረም፣ ከዚያ መሳቅ ሲጀምር፣ ዞር ብላ በሩን፣ “አንተም ከእሱ ጋር ነህ?” አለችው። አዳራሹ ፈነዳ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ሕዝቡ የእሷ ነበር፤ ስታለቅስ አለቀሱ፣ ስትወጣ ቆመው አጨበጨቡ።

“እና በሩ ምን ይሁን ነው የሚሉት?” አለች።

“በሩ ባይጣበቅ ኖሮ ተራ ቀን ነበር።”

“እና?”

“እና ምንም” አለ ጋሼ፤ ጫማዎቹን አጥልቆ ገመዳቸውን ማሰር ጀመረ። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ ይኸው ነው እንግዲህ ይህ ሰው፣ ወሬውን ጀምሮ መንገድ ላይ የሚጥልህ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እታለም ከመጋረጃው ጎን ቆማ አራቱን ዘመን በጆሮዋ አሳለፈች። ጓ! መብራት ጠፋ፣ የሙሽሮቹ ገመድ ጮኸ፤ ሰው በመጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሳል የበዛበት ሳቅ ተሰማ። ጓ! የወይዘሮዋ አልጋ በክብር ተንቋቋ። ጓ! የወታደሩ ሽቦ ጮኾ ጮኾ ድንገት ሲቆም ግን አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። ጓ! ጎረቤቱ ግድግዳውን ሲደበድብ አዳራሹ በሳቅ ሞተ። ወጣቶቹ እያለከለኩ ሲወጡ ጭብጨባው አብሯቸው እስከ መጋረጃው ድረስ መጣ።

አሁን የእሷ ተራ ነው።

መድረኩ ላይ ያው አልጋ አለ፣ ነጭ አንሶላ ተነጥፎበት። እሷ በአንድ ጫፍ፣ ትንሽ መስታወት ያለው ጠረጴዛ አጠገብ። ጋሼ በሌላው ጫፍ፣ በሩ ሥር፣ ወንበር ላይ። በልምምዱ መሠረት ሁለቱንም ጫማ ያወልቃል፣ እሷ ጉትቻዋን ታወልቃለች፣ ከዚያ ሁለቱም ወደ አልጋው መጥተው ይቀመጣሉ፣ ፀጉሯም እዚያ ይፈታል። ጉትቻዋን አወለቀች። አንዱን ጫማ አወለቀ። ያን የወለቀውን ጫማ በእጁ እንደያዘ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ሁለተኛው እግሩ ላይ ነው።

“ምን ነካው ይሄ ሰውዬ” አለች በሆዷ። “ረሳው እንዴ?”

ምን ታድርግ፣ ቦታዋን ትታ ወደ አልጋው መሄድ አልቻለችም፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ባለችበት ሆና እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። ከመሀል ረድፍ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺን የጉሮሮ መጥረግ ታውቃታለች፤ ሳቅ ከመምጣቱ በፊት የሚልካት መልእክተኛ ናት።

ጓ!

መብራት ድርግም አለ። ከጨለማውም ውስጥ፣ ሲጥ… ሲጥ… ሲጥሲጥሲጥ፣ አልጋው እንደ ጎረምሳ ተነሣ።

“ጉድ ፈላ!” አለች እታለም በሆዷ። አንድ ቦታ ክትክት የሚል ሳቅ ተሰማ። ከጀርባ የሆነ ሰው የሆነ ሰውን በሹክሹክታ ሲቆጣ ተሰማት፤ አልጋው መሀል መንገድ ላይ ሲጥ ብሎ ቆመ፣ መብራቱም በርግጎ ተመለሰ።

ሕዝቡ አየ። አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላው አንዲት እጥፋት የለበትም። ሽማግሌው በሩ ሥር፣ አንድ ጫማ በእጁ ይዞ። አሮጊቷ በወዲያኛው ጫፍ፣ እጇ ፀጉሯ ውስጥ። በመካከላቸው ሙሉ ክፍል አለ።

ከዚያ አዳራሹ ጣሪያው እስኪነሣ ድረስ ሳቀ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ ደረሰ። ግን እታለም ሳቁ ፊቷ ላይ ሲመታት አንድ ነገር ታወቃት። ይህ የትናንቱ አይደለም። የትናንቱ ሳቅ መጥቶ እሷ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ይሄ ግን ገና አየር ላይ ነው፤ ጌታ የለውም፤ የቀደመ ይወስደዋል። እጇን ከፀጉሯ አውጥታ ወገቧ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ ወደ አልጋው ዞረች። ከግርጌው እስከ ራስጌው ገላመጠችው።

“ቆይ እንጂ አንተ! ገና ጫማውን እንኳ አላወለቀም!”

ሰው ጭኑን መታ። ሰው ጎኑ የተቀመጠውን መታ። ከሳቁ በላይ፣ ከበሩ ሥር፣ ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁን አወጣ።

“አትቆጪው። አራት መቶ ዓመት አላሳረፉትም፤ ለምዶበት ነው።”

“አርጅቷላ! በዚህ ዕድሜው ምን ያስቸኩለዋል?”

“አርጅቶ አይደል የቸኮለው!”

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጥበቃው ከውጭ ሆኖ ሰምቶ አዳራሹ የፈረሰ መስሎት ሮጦ ገብቷል ይባላል። ጭብጨባውና ሳቁ ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር። እታለም አልተጣደፈችም። ሳቁ እስኪሞላ፣ ከሞላም በኋላ እስኪጎድል ጠበቀችው፤ ሩጫ የጨረሰ ፈረስ እንደሚያሳርፉ እየዳበሰች አበረደችው። ከዚያ፣ ጸጥ ሲል፣ ፀጉሯን ፈታች።

ሽበቱ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ማንም አልሳቀም። መሀል ረድፍ ላይ ጉሮሮውን የሚጠርግ እንኳ አልነበረም።

“እኔማ ረስቼዋለሁ” አለች።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ። ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ በደንብ አስተካክሎ፣ በሩ ሥር አስቀመጣቸው። “እኔም” አለ። “እስኪ አብረን እናስታውሰው።”

ከሁለት ጫፍ ተነሥተው ወደ አልጋው ሄዱ። ረጅም መንገድ ይመስል ነበር፤ ባዶ እግሩን ነው፣ ድምፅ የለውም። ጎን ለጎን ተቀመጡ። እጇን ያዘ። መብራቱ ቀስ እያለ ከሰመ፤ ፊታቸው ጠፋ፣ ነጩ አንሶላ ጠፋ። ጽሑፉ እዚህ ላይ ዝም ነው የሚለው።

በጨለማው ውስጥ ጋሼ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። “የልጃችን አማት እየሰሙሽ ነው” አላት፤ ለእሷ ብቻ።

እታለም ሳቀች። ልትይዘው ብትሞክር አልተያዘላትም፤ ከሆዷ ተነሥቶ በደረቷ አልፎ ወጣ፣ ሰፊ፣ ሻካራ፣ ለዐሥር ዓመት ማንም መድረክ ላይ ያልጠየቃት ያ ሳቅ። በጨለማው አዳራሽ ላይ ረድፍ በረድፍ እየተላለፈ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደ። ከዚያ የእሱ ሳቅ ተከተለ፣ ዝግ ያለ፣ እንደ ዛገ በር። አልጋው አልጮኸም። አራት መቶ ዓመት ገመድና ሽቦ ያላወጣው ድምፅ እሱ ነበር፤ ሕዝቡም ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀው።

ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት ጮክ ብለው፣ “እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!” አሉ።

ከዚያ በኋላ ወንበሮች ሲንጓጉ፣ ሰው ሲቆም ተሰማ።

መጋረጃው ስንት ጊዜ ተዘግቶ እንደተከፈተ የቆጠረ የለም። በመጨረሻ ሲዘጋ ከመድረኩ ጀርባ የድግስ ቤት መሰለ። ወጣቶቹ ተዋንያን እታለምን ከበው ይዘላሉ። አዘጋጁ ሻርፑን እንደ ሰንደቅ እያውለበለበ መጥቶ እጇን ያዘና ጎንበስ ብሎ ሳመው።

“እታለም፣ ይቅር ይበሉኝ! ነገም ይኸው ነው! ከነገ ወዲያም ይኸው! አንዲት ቃል አትነካም!”

“የሙሽራዋ እናትስ?”

“ትሙት!”

“ነፍሷን ይማረው። ማልቀሱ ነበር የገደላት።”

አዘጋጁ ወዲያው ደግሞ ድምፅ ሠሪውን አስታውሶ ዞረ። “አንተ ግን! ልብህን የት ጥለኸው ነው? አምስተኛው ላይ ዝም አላልኩህም?”

ሲጥሲጥ ገመዱን እንደያዘ ከግድግዳው ኋላ ብቅ አለ። ያለቀሰ ይመስላል፤ ከሳቅ ይሁን ከድንጋጤ አይታወቅም።

“ተረከዝ ሰማኋ! በልጆቼ ልማል፣ ጓ ብሏል!”

“አምስተኛው ላይ ተረከዝ የለም!”

“እኔ መድረኩን አላይ! ጓ ካለ ጓ ነው!”

“እውነቱን ነው” አለች የመብራቷ ሴት ከኋላው። “እኔም ሰምቻለሁ። እንዴት ሁለታችን አንድ ላይ ጆሯችን ይሳሳታል? ከሰማሁ በኋላ ነው፣ ውይ ይሄ አምስተኛው ነው ብዬ የመለስኩት።”

“በሉ ተውት” አለ አዘጋጁ፣ ቁጣው እንዳለፈለት ሰው እየሳቀ። “ነገም ትሰማላችሁ። እንደዛሬው።”

እታለም ግን ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። አንድ ጫማ። በእጁ የወለቀው፣ በእግሩ ያልወለቀው። ጓ።

ልጇ በሰዎቹ መካከል እየተጋፋች መጣች፤ ዓይኗ ሥር ያለው ኩል ጉንጯ ድረስ ወርዷል። አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

“አማቴ በር ላይ ቆመዋል። ‘ሳልስማት አልሄድም’ ብለዋል። ‘እኔም ቤት ያለውን ሰውዬ ነገ ይዤው እመጣለሁ’ ነው የሚሉት!” ሳቅና ለቅሶ ያዛት። “አባዬስ? አባዬ የት አለ?”

ጋሼ መልበሻ ክፍሉ ደፍ ላይ፣ ያቺ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱን ለብሷል። የሁለተኛውን ጫማ ገመድ እያሰረ ነው። እታለም ሰዎቹን ገለል አድርጋ ፊቱ ሄዳ ቆመች። ፀጉሯ እንደተፈታ ነው።

“አንተ” አለችው። እርስዎ ማለቱን ረስታው ነበር። “ያቺን ጫማ ለምን አላወለቅሃትም?”

ሁሉም ወደ እነሱ ዞረ። ሲጥሲጥ እንኳ ገመዱን አስቀመጠ።

ጋሼ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ጥግ ላይ ያለው መጨማደድ ትንሽ ጠለቅ አለ። ቋጠሮውን አጠበቀ። ተነሥቶ ባርኔጣውን ከማንጠልጠያው አወረደ፣ ራሱ ላይ አደረገ፣ አስተካከለው። የልጁን ጉንጭ በሁለት ጣቱ ነካ። ከዚያ በመካከላቸው አልፎ፣ ከተሰበረው ዙፋን አጠገብ ዞሮ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ወጣ። ተረከዙ በድንጋዩ ደረጃ ላይ፣ ሳይቸኩል፣ ጓ… ጓ… ጓ… እያለ ወረደ።